የምክንያት ዓምድ፦ የሐዴራ ልጆችና የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ

በእስራኤል አገር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ እስከዚያ ድረስ ቍጥርን ከቍጥር ሲደምርና ሲያካፍል፣ የአራት ማዕዘንን ስፋት በቀመር ሲያሰላ ቆይቶ፣ አንድ ቀን መምህሩ በሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ስበው ገጹን ለሁለት ሲከፍሉት ያያል። ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው በዕብራይስጥ ሥርዓት በቀኙ ዓምድ «ጣዓና»፣ ማለትም ተማሪው እውነት ነው ብሎ የሚያቀርበው ቃል፣ በግራው ዓምድ ደግሞ «ኒሙቅ»፣ ማለትም ያንን ቃል እውነት የሚያሰኘው ምክንያት ይጻፋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ መልሱን ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ስለምን እንዲህ እንደ ሆነ መመስከር ግድ ይሆናል። ለሩቅ ተመልካች ነገሩ የደብተር አሰማመር ጕዳይ ይመስላል፤ እኔ ግን በሐዴራ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ከሚማሩት ነገር ሁሉ ለዚህ ባለሁለት ዓምድ ገጽ የተለየ ትኵረት ሊሰጡት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ አቀርባለሁ።

ሐዴራ በቴል አቪቭና በሐይፋ መካከል፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 የተቈረቈረች ከተማ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከረግረጉ በሚነሣው ወባ ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ መሬቱን እንዲያደርቅላቸው ባሕር ዛፍ ተከሉበት፤ የዚያ ደን ቅሪት ዛሬም ስላለ፣ ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ በዚያ በኩል ሲያልፍ ከልጅነቱ የሚያውቀው ሽታ ይቀበለዋል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ባጓጓዘው በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ከመጡት ቤተ እስራኤል መካከል ብዙ ቤተሰቦች በዚህች ከተማ፣ በቤት ኤሊዔዘር፣ በጊቭዓት ኦልጋና በሌሎችም ሰፈሮች ኑሯቸውን መሥርተዋል። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ነገር ግን በብዙ ቤት የእናትና የአባት፣ ይልቁንም የአያት ቋንቋ ዛሬም አማርኛ ወይም ትግርኛ ነው።

በወላጆች ዘንድ ሒሳብ ቋንቋ የማይጠይቅ ትምህርት ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። ልጁ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ቢደክም ቤቱ ዕብራይስጥ በሰፊው የማይነገርበት ስለ ሆነ ነው ይባላል፤ በሒሳብ ግን ሦስትና አራት በሁሉ አገር ሰባት ነውና ከማንም ጋር እኩል ይወዳደራል ተብሎ ይታሰባል። ይህ እምነት በታችኞቹ ክፍሎች መጠነኛ እውነት ቢኖረውም ጂኦሜትሪ ሲጀመር ይፈርሳል፤ ምክንያቱም በግራው ዓምድ የሚጻፈው ቍጥር ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም አንድ ቃል ቢጐድልበት ወይም ፊቱ ኋላ ቢሆንበት ትርጓሜው የሚለወጥ ዓረፍተ ነገር። «መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ ተለዋጭ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው» የሚለውና «ተለዋጭ ማዕዘኖቹ እኩል ከሆኑ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው» የሚለው ለፈጣን አንባቢ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ከመስመር ወደ ማዕዘን፣ ሁለተኛው ከማዕዘን ወደ መስመር የሚሄድ ነውና አንዱን በሌላው ስፍራ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ ሲያጣም በፍትሕ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች በባግሩት፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ሳያረጋግጡ ሊጠቅሷቸው የተፈቀዱትን ቲዎረሞች በዝርዝር አውጥቷል፤ ቍጥራቸውም መቶ ገደማ ይደርሳል። ብዙ ልጆች ይህን ዝርዝር በቃላቸው ለመያዝ ሲደክሙ ይከርማሉ። ዝርዝሩን ማወቅ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ምን እንደሚባል እንጂ መቼ እንደሚባል አይናገርም፤ የትምህርቱም ጭንቅ ያለው በመቼው ላይ ነው።

እስኪ ከሁሉ የሚቀድመውን ማረጋገጫ በዝግታ እንመልከተው። ሀለመ የተባለ ጎነ ሦስት አለ እንበል፤ ሀለ የተባለው ጎን ሀመ ከተባለው ጎን ጋር እኩል መሆኑ ተሰጥቷል፤ የሚፈለገውም በመሠረቱ ላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች፣ አንዱ በለ ሌላው በመ ያሉት፣ እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ እኩል መሆናቸው ይታየዋል፤ ልጁም «ይታያል እኮ!» ይላል፤ መምህሩ ግን ማየቱን በምክንያትነት አይቀበሉትም። ስለዚህ ተማሪው ከሀ ተነሥቶ የላይኛውን ማዕዘን ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር ወደ መሠረቱ ያወርድና፣ መስመሩ መሠረቱን የነካበትን ነጥብ ሠ ብሎ ይሰይመዋል። በመጀመሪያው ረድፍ ሀለ ከሀመ ጋር እኩል ነው ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱ «ናቱን» ነው፣ ተሰጥቷል ማለት ነው። በሁለተኛው ረድፍ ከላይ የተከፈሉት ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ናቸው ይላል፤ ምክንያቱ መስመሩን ያወረድነው እኩል እንዲከፍል አድርገን መሆኑ ነው። በሦስተኛው ረድፍ ሀሠ ከሀሠ ጋር እኩል ነው ይላል፤ ምክንያቱ ሀሠ ለሁለቱም ጎነ ሦስቶች የጋራ ጎን መሆኑ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ረድፍ ሊጽፉት ያፍራሉ፤ አንድ ነገር ከራሱ ጋር እኩል ነው ብሎ መናገር ከንቱ ቃል ይመስላቸዋልና፤ ያለ እርሱ ግን የሚቀጥለው ረድፍ አይቆምም። በአራተኛው ረድፍ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ተገጣጣሚ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ቢነባበር ልክ ይገጥማል፤ ምክንያቱ ዕብራይስጡ «ጼላዕ፣ ዛዊት፣ ጼላዕ» የሚለው የጎን፣ የማዕዘንና የጎን ቲዎረም ነው። በአምስተኛው ረድፍ በለ ያለው ማዕዘን በመ ካለው ማዕዘን ጋር እኩል ነው፤ ምክንያቱ የተገጣጣሚ ጎነ ሦስቶች ተጓዳኝ ማዕዘኖች እኩል መሆናቸው ነው፤ እዚህ ላይ ሊረጋገጥ የተፈለገው ተፈጸመ።

በእነዚህ አምስት ረድፎች መካከል አንዳንዱ ልጅ ሀሠ ከመሠረቱ ጋር ቀጤ ማዕዘን ይሠራል የሚል ረድፍ ይጨምራል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ልጁ ያገኘው ከሥዕሉ እንጂ ከምክንያቱ አይደለም። ከዚህ የሚከፋው ግን በምክንያቱ ዓምድ «ሁለት ጎኖቹ እኩል በሆኑ ጎነ ሦስት የመሠረቱ ማዕዘኖች እኩል ናቸው» ብሎ መጻፍ ነው። ቃሉ በሚኒስቴሩ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ልጁ የተፈቀደለትን ምክንያት የጠቀሰ ይመስለዋል፤ የጠቀሰው ግን ሊያረጋግጠው የተጠየቀውን ያንኑ ነገር ነው፤ ባለጕዳዩ ራሱን ምስክር አድርጎ ቈጠረ ማለት ነው። ዝርዝሩን በቃል ብቻ ማጥናት የሚያመጣው ጥፋት ከዚህ ይልቅ የሚገለጥበት ስፍራ የለም።

ይህ የቅደም ተከተል ነገር የልጆች ጨዋታ አለመሆኑን ኤውክሊድስ ያስረዳናል። ይህ ጠቢብ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ባዘጋጀው፣ 13 ክፍሎች ባሉት መጽሐፉ፣ ከላይ ያየነውን ነገር በመጀመሪያው ክፍል አምስተኛ አድርጎ አረጋግጦታል፤ ነገር ግን ማዕዘኑን ለሁለት የሚከፍለውን መስመር አልተጠቀመበትም። ስለምን ቢሉ፣ ማዕዘንን ለሁለት መክፈል በእርሱ ሥርዓት ዘጠነኛው ነው፤ ዘጠነኛው በስምንተኛው፣ ስምንተኛው በሰባተኛው፣ ሰባተኛውም በዚሁ በአምስተኛው ላይ ቆሟልና፣ ያንን መስመር ቢያወርድ ኖሮ ኋላ የሚመጣውን ፊት ያለውን እንዲደግፍ ባደረገው ነበር። ስለዚህ ጎኖቹን ወደ ታች አስረዝሞ በረዥም መንገድ ሄደ። ከእርሱ ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያው በእስክንድርያ የነበረው ጳጱስ ደግሞ ምንም መስመር ሳይጨምር፣ ጎነ ሦስቱን ከተገለበጠው ከራሱ ጋር አስተያይቶ፣ ሀለ ከሀመ፣ ሀመም ከሀለ ጋር እኩል ነው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን አንድ ነው፣ እንግዲህ ጎነ ሦስቱ ከተገለበጠው ከራሱ ጋር ይገጥማል ብሎ በሦስት ቃል ጨረሰው። ከዚህ የሚያምር ማረጋገጫ ጥቂት ነው የማውቀው። የጎን፣ የማዕዘንና የጎን ቲዎረም ራሱ እንኳ ሲመረመር፣ ኤውክሊድስ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ በማነባበር አረጋገጥሁት ያለውን፣ ጀርመናዊው ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ሳይረጋገጥ ከሚታመነው ከእሙኖች ወገን አድርጎ አስቀምጦታል። የምክንያት ዓምድ እስከ መሠረቱ ቢቈፈር መጨረሻው ተስማምተን የተቀበልነው ነገር መሆኑን ለልጅ ቀድሞ መንገር ይገባል፤ ካልተነገረው ግን ሁሉንም ነገር በእኩል ይጠራጠራል፤ ወይም ሁሉንም በእኩል ያምናል።

ዓይን ለምን በምስክርነት እንደማይቈጠር የጠየቀ ልጅም መልስ ይገባዋል። እንግሊዛዊው ራውዝ ቦል በ1892 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ማንኛውም ጎነ ሦስት ሁለት እኩል ጎኖች አሉት የሚል «ማረጋገጫ» አቅርቧል፤ ነገሩ ግልጽ ሐሰት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ረድፍ ትክክለኛ ምክንያት ያለው ይመስላል። ስሕተቱ ያለው በጽሑፉ ሳይሆን በሥዕሉ ላይ ነው፤ ነጥቦቹ የተቀመጡት በእውነት በሚወድቁበት ስፍራ አይደለምና። በዚያው በእስራኤል፣ በሬሖቮት በሚገኘው በዋይዝማን ኢንስቲትዩት የሠሩት ሪና ሄርሽኮቪትስ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ የለመዱት ምስል በልቡናቸው እንደሚቀረጽና ከእርሱ መውጣት እንደሚከብዳቸው አሳይተዋል፤ አንዱ ማዕዘኑ ከቀጤ በሚበልጥ ጎነ ሦስት ከፍታው ከቅርጹ ውጭ ሲወድቅ፣ ብዙዎቹ በግድ ወደ ውስጥ አስገብተው ይስሉታል።

ስለ ዓምዶቹ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ኤውክሊድስ ገጹን ለሁለት አልከፈለም፤ በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት በባርሴሎና የጂኦሜትሪን ትምህርት በዕብራይስጥ የጻፈው፣ መጽሐፉም በ1145 ወደ ላቲን የተተረጐመለት አብርሃም ባር ሒያም በተከታታይ ንባብ እንጂ በሰንጠረዥ አልጻፈም። ባለሁለት ዓምዱ ገጽ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ የትምህርት መጻሕፍት የተለመደ ነው፤ የጕዳዩን ታሪክ የመረመሩት ፓትሪሲዮ ኸርብስት እንዳብራሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየሰፋ ሄዶ ተማሪው የመጽሐፉን ማረጋገጫ ከመድገም አልፎ የራሱን እንዲያዘጋጅ በተፈለገ ጊዜ፣ ለተማሪው መሰላል ለመምህሩም መመርመሪያ እንዲሆን የመጣ ነው። ፍሬው ግን እንደ ታሰበው አልሆነም፤ በዚያው በአሜሪካ ሻሮን ሴንክ በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓመቱን ሙሉ ማረጋገጫ ከተማሩት መካከል ማረጋገጫን በሚገባ መጻፍ የቻሉት ከመቶ 30 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒዬርና ዲና ፋን ሂሌ በ1957 እንዳስተማሩት ደግሞ፣ ቅርጽን በመልኩ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ጠባዮቹን በስም ለይቶ፣ አንዱ ጠባይ ሌላውን እንዴት እንደሚያስከትል ሳያስተውል ወደ ማረጋገጫ ቢገፋ፣ ቃሉን ይደግማል እንጂ አይረዳውም።

እኔ በበኩሌ ዓምዶቹ ለጀማሪ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ማሰቢያ ሳይሆኑ፣ ነገሩን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ሐሳቡን የሚያሰፍርባቸው ማኅደር መሆን ይገባቸዋል እላለሁ። ልጁ አስቀድሞ ነገሩን በአፉ ይናገር፤ በዕብራይስጥም ይሁን በአማርኛ፣ ሁለቱን ቀላቅሎም ቢሆን፣ «ይህ ከዚህ የተነሣ ነው» ይበል፤ ኋላ ሐሳቡ ሲረጋ ወደ ሰንጠረዡ ያስገባው። ከሰንጠረዡ የጀመረ ልጅ ባዶ ዓምድ ለመሙላት ምክንያት ሲፈልግ ይውላል፤ ከሐሳቡ የጀመረ ግን ያለውን ምክንያት የት እንደሚጽፈው ብቻ ይጠይቃል።

ወገኖቻችን ወደዚህ ነገር ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ የምናገረውም ከዚህ የተነሣ ነው። አገር ቤት «በላ ልበልሃ» ተባብለው ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ሲቆሙ፣ ቃል ሁሉ በተጠየቅ ይመረመር፣ ውርርድ ይያዝበት፣ ምስክር ይቈጠርበት ነበር፤ ንግግሩ አምሮ ምስክሩ የጐደለበት ሰው ሕዝቡን ቢያስደስትም ይሸነፍ ነበር። መጻሕፍትን በአንድምታ የተረጐሙት ሊቃውንትም ቃሉን ካነበቡ በኋላ «ስለምን ቢሉ» ሳይሉ አያልፉም። እንዲህ ባለ ባህል ያደገ አባት የዕብራይስጥ ፊደል ቢቸግረውም፣ ቃልን ያለ ምክንያት አለመቀበልን ከማንም አይማርም። እርግጥ ነው፣ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ለሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ይሰጣሉ፤ በጂኦሜትሪ ግን ዕርቅ የለም፤ ረድፉ ይቆማል ወይም ይወድቃል። ክብሩም በዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ የባለጸጋ ልጅና የድኻ ልጅ፣ ዕብራይስጡ የጠራውና ያልጠራው፣ ምክንያታቸው ከቆመ እኩል ናቸው፤ መምህሩም ቢሆኑ በትክክል የተረጋገጠውን ነገር ሊክዱት አይችሉም። አብርሃም ሊንከን በ1860 ስለ ራሱ በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ፣ የምክር ቤት አባል ከሆነ ወዲህ የኤውክሊድስን ስድስት መጻሕፍት አጥንቶ ሊጨርሳቸው ምንም ያህል እንዳልቀረው ገልጿል፤ ትምህርት ቤት ብዙ ያልዋለ የገበሬ ልጅ፣ ያን ጊዜም በጥብቅና ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር።

እንግዲህ እናቲቱ ጂኦሜትሪ ባታውቅም ልጇን ልትረዳው ትችላለች። ልጁ ማረጋገጫውን ጽፎ ሲጨርስ አጠገቡ ትቀመጥ፤ ጣቷን በየረድፉ ላይ እያሳረፈች «ይኼስ ስለምንድን ነው፣ ልጄ?» ትበለው። «እማዬ፣ አንቺ ይኼን አታውቂውም» ቢላት፣ «ስለማላውቀው አይደል የምጠይቅህ፤ አስረዳኝ» ትበለው። መልሱ «ይታያል እኮ» ወይም «አስተማሪዋ እንዲህ ብላናለች» የሆነበት ረድፍ ደካማው ረድፍ ነው፤ በማግሥቱ ለመምህርቷ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄም እርሱ ነው። ልጁም ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ መልሶ ሲያስረዳ፣ ቃሉን ብቻ ይዞ እንደ ሆነ ወይም ምሥጢሩን ተረድቶት እንደ ሆነ ራሱ ያውቀዋል፤ ያልተረዳውን በሌላ ቋንቋ መናገር አይቻልምና።

ነገሩ ከአንድ ፈተና ነጥብ የሚያልፍ ነው። በብዙ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሒሳብ «ሃክባጻ» በሚባሉ ደረጃዎች ይከፈላሉ፤ ኋላም በከፍተኛው ክፍል ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ወይም ወደ አምስት ዩኒት ይመደባሉ፤ ዩኒት የባግሩት ፈተናው ደረጃ ሲሆን አምስቱ ከፍተኛው ነው። የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ለረዥም ዘመን የኖረው በአራቱና በአምስቱ መንገድ ላይ ነው፤ አምስት ዩኒት ለጨረሰ ተማሪ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሒሳብ ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨምሩለታል፤ ወደ ምሕንድስናና ወደ ሌሎቹም ተፈላጊ ትምህርቶች የሚያስገባው በር በዚህ በኩል ነው፤ መንግሥትም እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 የአምስት ዩኒት ተማሪዎችን ቍጥር ለማብዛት ሰፊ ዘመቻ የጀመረው ይህን አስቦ ነው። እንግዲህ በስምንተኛ ክፍል ምክንያት መጻፍ ስላቃተው ብቻ ወደ ታችኛው ደረጃ የወረደ ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ማረጋገጫ የሚማርበት ጊዜ እያነሰ፣ የሚመለስበትም መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። ያቃተው ማሰቡ ነው ወይስ ያሰበውን በዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር ማስፈሩ? ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ድካሞች ናቸው፤ የሁለተኛው መድኃኒት ደረጃ ማውረድ ሳይሆን ጥቂት ወራት ተጨማሪ እርዳታ ነው። አስተማሪዎችንም የምለምነው ይህንኑ ለይተው እንዲያዩ፣ የልጁን ደብተር ከማረማቸው በፊት ማረጋገጫውን በአፉ እንዲናገር ዕድል እንዲሰጡት ነው።

ስለዚህ በሐዴራ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅና የሚቀጥለው ዓመት ምደባ ሳይቈረጥ፣ ወላጆች በሚጠሩበት ስብሰባ ተገኙ፤ ቋንቋው ቢከብዳችሁ አስተርጓሚ ወይም ታላቅ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጃችሁ በየትኛው ሃክባጻ እንዳለ ጠይቁ፤ ወደ ታች የተመደበ ከሆነም የምደባውን ምክንያት በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ፣ በማን ፈተናና በየትኛው ውጤት እንደ ተወሰነ፣ ወደ ላይ የሚመለስበትም ፈተና መቼ እንደሆነ እንዲነግሯችሁ በትሕትና ነገር ግን ሳታፍሩ ጠይቁ።